ክርክር፦ ፓኬጅ በፓስዎርድ ብቻ መልቀቅ መቅረቱ ልክ ነው?

የፒያሳው፦ ፓይፓይ (የፓይተን ፕሮግራመሮች ፓኬጅ፣ ማለትም ሌላው የሚጠቀምበትን የኮድ ጥቅል፣ የሚለቁበት ድረ-ገጽ) ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከፓስዎርድ ሌላ ለምሳሌ ከስልክ የሚገኝ ኮድ መጠየቅን) ለሁሉም ግዴታ አድርጓል። በፓስዎርድ ፋይል መጫንም ቀርቷል፤ የሞከረ 403 ("አልተፈቀደም" የሚል የስህተት ቁጥር) ይመለስለታል። እኔ አልስማማም። ፓኬጅ ከሚለቀው ሰው ብዙው በነፃ ነው የሚሠራው። ሳትከፍለው ጥበቃ ቁምልኝ ትለዋለህ? ስልኩ ታክሲ ውስጥ ቢሰረቅስ?

ሊኑክስ በሽሮ፦ ለዚያ እኮ መልሶ መግቢያ ኮዶች አሉ። ወረቀት ላይ ጻፋቸው። ደግሞ "በነፃ ነው የምሠራው" ማለት ፓኬጅህን የሚጭነውን ሰው አያድነውም። 2018 ላይ ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች መልቀቂያ) ውስጥ ኢኤስሊንት-ስኮፕ የሚባለው ፓኬጅ ምን ሆነ? ከባለቤቶቹ አንዱ ያንኑ ፓስዎርድ ሌላ ቦታም ይጠቀምበት ነበር፤ ሁለተኛ ማረጋገጫም አልነበረውም። ሌባው የለቀቀው እትም የጫኑትን ሰዎች የኤንፒኤም ቶክን (በፓስዎርድ ፋንታ የሚሠራ ሚስጥራዊ ኮድ) ይሰርቅ ነበር።

የፒያሳው፦ እሺ፣ ሴፕቴምበር 2025ስ? ቾክና ዲበግ የሚባሉትን የኤንፒኤም ፓኬጆች የሚለቀው ሰው ሁለተኛ ማረጋገጫ ነበረው። ከኤንፒኤም የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰው፣ ማረጋገጫህን አድስ አለው፣ ኮዱን ሐሰተኛ ገጽ ላይ አስገባ። አለቀ።

ኮደሯ፦ እሱን ጉድ የሠራው በእጅ የሚጻፈው ኮድ ነው። ፓስኪ (ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥ የመግቢያ ቁልፍ) ከትክክለኛው አድራሻ ጋር ስለታሰረ ሐሰተኛ ገጽ ላይ እምቢ ይላል። ግን እናንተ መርህ ላይ ስትጨቃጨቁ ሰውን የሚያሳብደው 403ቱ ነው። በዚያ ቁጥር ሦስት ዓይነት ችግር ይመጣል። አንዱ ፓስዎርዱ ነው። ሁለተኛው ቶክን ይዞ መሳሳት ነው፦ በስም ቦታ የራስን ስም መጻፍ። እዚያ የሚገባው ከፊትና ከኋላው ሁለት ሁለት የግርጌ ሰረዝ ያለው "ቶክን" የሚለው ቃል ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። የቴስት ፓይፓይን (የመለማመጃውን ድረ-ገጽ) ቶክን ለዋናው የሚሰጥም አለ፤ የሁለቱ አካውንት ለየብቻ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስሙን ሌላ ሰው ቀድሞ መያዙ ነው። ቶክንህ ደህና ነው፣ ፓኬጁ ግን ያንተ አይደለም። በናታችሁ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን መስመር አንብቡ! ኤንፒኤምማ ይባስ ብሎ ቶክንህ ሲበላሽ 404 ሊልህ ይችላል። ፓኬጅህ እዚያው እያለ።

የሰሚት ልጅ፦ አዲስ ፓኬጅ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ለአንድ ፕሮጀክት የተገደበ ቶክን ፕሮጀክቱ ሳይኖር አይወጣም። ሰው ለመላው አካውንት የሚሠራ ያወጣና ይረሳዋል። ከዚያ ቶክኑ ከኮዱ ጋር ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ-ገጽ) ላይ ይወጣል።

ኮደሯ፦ ትረስትድ ፐብሊሺንግ የመጣው ለዚህ ነው። ቶክን የሚባል ነገር አታስቀምጥም። ጊትሃብ አክሽንስ (ፓኬጁን በራሱ የሚለቅልህ የጊትሃብ አገልግሎት) ማንነቱን ያስረዳል፣ ፓይፓይ ለ15 ደቂቃ የሚሠራ ቶክን ይሰጠዋል። ገና ያልተለቀቀ ፓኬጅም አስቀድመህ ማስመዝገብ ትችላለህ።

የፒያሳው፦ ይኸው! ከፓስዎርድ አውጥታችሁ ጊትሃብ እጅ ልትጥሉኝ ነው። የራሱን ሰርቨር ያቆመ ሰው የት ይግባ?

ሊኑክስ በሽሮ፦ ጊትላብም (ሌላ የኮድ ማስቀመጫ) አለ፣ ተቀባይነት ያላቸው አገልግሎቶች ዝርዝር አጭር መሆኑን ግን አልክድም። አንተ ቶክን ተጠቀም፤ ከመጀመሪያው ልቀት በኋላ ሰፊውን ሰርዘህ ለፕሮጀክቱ ብቻ የተገደበ አውጣ።

የፒያሳው፦ እሱንማ እያደረግኩ ነው። የምቃወመው ግዴታውን ነው።