«መብራቱ የለም»፦ ለትንሿ የባቡር ከተማ ታፔላ ፍለጋ

ባለሐዲዱ (ለቡ)፦

ሰላም የቃል ወዳጆች። ጥያቄዬ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ታገሱኝ። ቤቴ ለቡ ነው፤ ከአዲሱ ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። አምና የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ የሞዴል ባቡር ይዞልኝ መጣ። ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ነው። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር። የለቡው ሐዲድ 1435 ሚሊ ሜትር ነውና ለ87 ብታካፍሉት የሚመጣው ይኸው ነው። ሰፈሬ አንሶ ሳሎኔ ገባ በሉት። ቺፑድ ላይ ዘረጋሁት፤ ጣሪያውን ከለስላሳ ጣሳ፣ ግድግዳውን ከካርቶን ሠራሁ። አሁን የቀረኝ ታፔላ ነው።

በዚህ ሥራ የቆዩ ፈረንጆች ሱቆቻቸውን በቀልድ መሰየም ልማዳቸው ነው። ብዙ ቦታ የሚለጠፈው አንድ የጠበቆች ቢሮ አለ፤ «ዱዊ፣ ቺተም ኤንድ ሃው» ይባላል። ሲታይ የሦስት ጠበቆች ስም ነው። በእንግሊዝኛ ድምፅ አውጥታችሁ ስታነቡት ግን «እናጭበርብራቸው እንዴ? እንዴታ!» የሚል ይወጣዋል። የካሊፎርኒያው የሞዴል ባቡር ሠሪ ጆን አለን ደግሞ መላ የሞዴል መስመሩን «ጎር ኤንድ ዳፌቲድ» ብሎ ሰየመው። ጽሑፉ የሁለት ከተማ ስም ይመስላል፤ ጆሮ የሚሰማው ግን «በደም የተጨማለቀና የተሸነፈ» ነው። ሰውዬው በ1973 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሞተ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሥራው በእሳት ወደመ። ስሙ እንደ ንግርት ሆነበት።

እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ምን እንለዋለን? ተረብ? ኅብር? የቃላት ጨዋታ? ደግሞስ በአማርኛ ታፔላ ላይ ይሠራል? እስካሁን የሞከርኳቸው፦ «ቆራጥ ሥጋ ቤት»፣ «ዘላለም የሬሳ ሣጥን»፣ «መብራቱ ኤሌክትሪክ»።

የፉሪ ሰው፦

«ዘላለም» ገደለኝ። ባለቤቱን ብትጠይቀው «ስሜ ነው፣ ምን ላድርግ?» ይልሃል። የእኛ አገር ሰው ስም ራሱ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ብዙም መድከም የለብህም።

ባለሐዲዱ (ለቡ)፦

«መብራቱ»ን ያወጣሁት ለዚሁ ነው። ከሱቁ ኋላ ትንሽ አምፖል አለች፤ ሽቦዋ ስለላላ ትጠፋለች። እንግዳ ሲመጣ «መብራቱ የለም እንዴ?» ይላል። እኔም «ወጣ ብሏል፣ ይመለሳል» እላለሁ። ሽቦውን ማጥበቅ አልፈለግሁም።

መምህርት (አቃቂ)፦

ልጄ፣ ጥያቄህ የልጅ አይደለም። ሁለት ትርጉም የሚሸከመውን ቃል ኅብር ወይም ኅብረ ቃል እንለዋለን። ላይ ላዩን የሚታየው ሰም፣ ውስጡ የተደበቀው ወርቅ ነው። «መብራቱ» ኅብር ነው፤ ሰሙ የሰውዬው ስም፣ ወርቁ የሌለው ኤሌክትሪክ። «ቆራጥ» ግን ትንሽ ይለያል። ጀግናውም ከ«ቆረጠ» የወጣ ነው፣ ሥጋ ቆራጩም። አንድ ቃል ወደ ሥሩ ተመለሰ እንጂ ሁለት ቃል አልተገናኘም። ተረብ ደግሞ ስም ሳይሆን ድርጊት ነው። ሰው ሰውን ይተርባል፤ ታፔላ ብቻውን አይተርብም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የጠቀስካቸው የፈረንጅ ቀልዶች ወረቀት ላይ ዝም ይላሉ፤ ሲነበቡ ነው የሚነቁት። እኛ ዘንድ የተገላቢጦሹ አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ሰፊ ልብስ ስፌት» ብለህ ጻፍ። ሲላላ ሙያተኛው ነው፣ ሲጠብቅ የማይጠበው ነው። ታፔላው ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። አፍህን ስትከፍት ግን አንዱን መምረጥ አለብህ፤ ሌላው ይሞታል። ሠላሳ ዓመት ተማሪ ሳስነብብ ያየሁት ይህንን ነው። ልጁ እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ቆም ይልና ፊቴን ያያል።

የፉሪ ሰው፦

«ይበላል ምግብ ቤት»! ሲላላ ሰውዬው ይበላል፤ ሲጠብቅ ምግቡ ይበላል። ወይም ገንዘብህ።

የድሬ ልጅ፦

መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ልጨቃጨቅ። ለጆሮ የሚሆንም አለን እኮ። «ልብ ስፌት ቤት» ብለን ብንለጥፍስ? ቶሎ ሲሉት ከ«ልብስ ስፌት» አይለይም። ያየው ግን ሠዓሊው አንድ «ስ» የዋጠ ነው የሚመስለው። ከጎኑ የተሰበረ ልብ ይዞ የተቀመጠ ጎረምሳ አስቀምጥ።

ሌላ ነገር። ጣቢያህን ምን አልከው? እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ያደግነው በፈረንሳይኛ ፍርፋሪ ነው። «ፉርጎ» ፈረንሳይኛ ነው። «ለገሃር» ራሱ «ላ ጋር» ነው፤ ጣቢያው ማለት። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቃሉም አብሮ ወረደ። አሁን ለገጣፎ የምትኖር ጎረቤቴ «ለገሃርም እንደኛው የኦሮምኛ ስም ነው፣ ለገ ወንዝ ነው» ብላ ድርቅ አለችብኝ። ለገጣፎና ለገዳዲ ላይ እውነቷን ነው። ለገሃር ላይ ግን ወንዙ ፈረንሳይ ነው ያለው። እንግዲህ «ለገሃር ወንዝ» ብለህ ከድልድይህ ሥር ብትጽፍ የምናውቅ እንስቃለን።

ባለሐዲዱ (ለቡ)፦

«ለገሃር ወንዝ» ዛሬውኑ ይገባል። ግን አንድ ችግር አለብኝ። ታፔላዬ ቁመቱ አንድ ሳንቲም ሜትር ነው፣ ፊደሉ ሁለት ሚሊ ሜትር። በዚያ መጠን የ«ሉ» እግር ላይ ያለችው ጭረት ቀለም ውስጥ ትሰምጣለች። ባለፈው «ሉሉ ፀጉር ቤት» ብዬ አትሜ «ለለ» ሆኖ ወጣ። ልጄ ሦስት ቀን «ለለ» እያለች ዘፈነችበት። ስለዚህ ቀልዱ በቅጥያ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ አይሆነኝም። የሚጠብቅና የሚላላው ግን ተመቸኝ፤ ቀለም አይፈልግም።

የፉሪ ሰው፦

ለጭነት ድርጅቱ «ይድረስ» በለው። ደብዳቤ ላይ «ይድረስ ለ...» እንደምንለው። ዕቃ የላከ ሰው ግን እንደ ጸሎት ነው የሚያነበው።

መምህርት (አቃቂ)፦

ይህ ከሁሉም በላጭ ነው። ማንንም አይነካም፣ ደግሞ እውነት ነው። ባለፈው ከአንድ ቦታ አንድ ጆንያ በርበሬ ተልኮልኝ ሁለት ሳምንት «መንገድ ላይ ነው» ተባልኩ። የማን እንደሆነ አልናገርም።

የእኔን ሰፈር ግን ረሳችሁት። አቃቂ ላይ የጥራት ተቆጣጣሪ ቢሮ ክፈትና «አቃቂር» በለው። አቃቂር ማውጣት ማለት ከሰው ሥራ ላይ እንከን መልቀም ነው። እርማት አይደለም። አራሚ የሚያርመው እንዲስተካከል ነው፤ አቃቂር አውጪ ግን እንከኑ ሲጠፋ ሥራ ፈት ይሆናል። ሁለቱ ቃላት እንደ ድምፃቸው መቀራረብ ዝምድና አላቸው ብዬ አልምልም፤ ታፔላ ግን የዘር ሐረግ አይጠይቅም።

የድሬ ልጅ፦

መምህርት፣ ቢሮው ውስጥ የሚቀመጠው ሰው እርስዎን ይምሰል?

መምህርት (አቃቂ)፦

ይምሰል። መነጽሩን እንዳትረሱ።

ባለሐዲዱ (ለቡ)፦

ተሠርቷል። የአቃቂር ተቆጣጣሪ በመነጽር፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፉርጎ ትመረምራለች። ከጎኗ «ፉገራ ሻይ ቤት» ከአሮጌ ፉርጎ ሠራሁ። ይህን ማብራራት የሚያስፈልገው ሰው አዲስ አበባ አልኖረም። «ልብ ስፌት»ንም ለጠፍኩ፤ እስካሁን ሦስት እንግዳ «እዚህ ጋ ስህተት አለ» ብሎኛል። የድሬ ልጅ፣ አንዱም ጮክ ብሎ አላነበበውም። በዓይናቸው ብቻ ስለሚያልፉት ቀልዱ ስህተት ሆኖ ቀረ። እንግዲህ የጆሮ ቀልድ እዚህም ታፔላ ላይ ይቸገራል።

አንድ ብቻ ልጨምር። ጣቢያው ፊት ለፊት በሩ የተዘጋ፣ ወንበሩ ያልገባ ካፌ አለ። ግድግዳው ገና ስላልደረቀ ነው የተዘጋው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። «ገና ካፌ» አልኩት። ትናንት የጎረቤት ልጅ፣ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ቺፑዱ ላይ አገጩን አስደግፎ ታፔላዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አነበበ። እዚያ ሲደርስ መምህርት እንዳሉት ቆም አለና ፊቴን አየ።

«ገና ነው ወይስ ገና?» አለኝ።

እኔም «ገና» አልኩት። የትኛውን እንደሆነ እዚህ ጽፌ ልነግራችሁ አልችልም።