አነቃቂ ልብ ወለድ የንግድ መማሪያ መሆን ይገባዋልን?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ በንግድ ሥልጠናዎች ላይ አነቃቂ ልብ ወለድ ከሒሳብ አያያዝና ከገበያ ጥናት ጎን ለጎን ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚል ነው።

የሒሳብ ባለሙያው፦ መሰጠት የለበትም እላለሁ። በልብ ወለድ ውስጥ ማን እንደሚያተርፍና ማን እንደሚከስር የሚወስነው ደራሲው እንጂ ገበያው አይደለም። ባለታሪኩ ጥሪቱን ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ አፍስሶ ሲሳካለት አንባቢው ድፍረቱን ይወርሳል፤ በዚያው መንገድ ሄደው የከሰሩት ግን በታሪኩ ውስጥ ስፍራ ስለሌላቸው አደጋውን የሚመዝንበት ነገር አያገኝም። ታሪኩን ማን እንዳሰራጨውም መጠየቅ ተገቢ ነው። ጆርጅ ክሌሰን በጥንታዊት ባቢሎን ላይ መሥርቶ የጻፋቸው፣ ከገቢ ቢያንስ አንድ አሥረኛውን መቆጠብን የሚመክሩት ታሪኮች እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ በትንንሽ ጥራዝ ሲወጡ በብዛት ያሰራጯቸው ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች ነበሩ። ምክሩ መልካም ነው፤ መካሪው ግን ከምክሩ ተጠቃሚ መሆኑን ሠልጣኙ ሊያውቅ ይገባል።

መምህሯ፦ ታሪክ ማስረጃ እንደማይሆን እስማማለሁ። ሆኖም ሠልጣኝ ቀመሩን ሸምድዶ ፈተናውን ካለፈ በኋላ የሚረሳው፣ ቀመሩ የማንን ጭንቀት እንደሚፈታ ስላላየ ነው።

የፋብሪካ ሥራ አስኪያጁ፦ መምህርት ያሉትን በምሳሌ ላጠናክር። የፊዚክስ ሊቁ ኤሊያሁ ጎልድራት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ ፋብሪካው ሊዘጋበት ሦስት ወር ብቻ የቀረው ሥራ አስኪያጅ ልጆችን ይዞ በእግር ሲጓዝ ሰልፉ ይበጣጠስበታል። ፈጣኖቹ ቢሮጡም ሁሉም የሚደርሱት በዝግተኛው ልጅ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ልጁን ከፊት ያሰልፈዋል፤ የተሸከመውን ከባድ ሻንጣም ፈትቶ ዕቃውን ለሌሎቹ ያከፋፍላል። ወደ ፋብሪካው ሲመለስም ማነቆ የሆነው፣ ማለትም እንደ ዝግተኛው ልጅ ሥራውን ሁሉ የሚያዘገየው ማሽን በምሳ ሰዓት እንዳይቆም ያደርጋል፤ የጥራት ፍተሻውንም ከማሽኑ በፊት ያመጣል፣ ምክንያቱም ማነቆው በተበላሸ ዕቃ ላይ የሚያጠፋው ሰዓት የፋብሪካው ሁሉ ሰዓት ነው። ይህን ማንም በራሱ የሥራ ቦታ ሰዓት ይዞ ሊፈትነው ይችላል። ደራሲው መጨረሻውን አሳዛኝ ቢያደርገው እንኳ ስሌቱ አይለወጥም፤ እኔ ልብ ወለድን የምመዝነውም በዚህ ነው።

የሒሳብ ባለሙያው፦ ያመጡት ምሳሌ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ያ መጽሐፍ አስቀድሞ የታሰበበት የአሠራር ትምህርት ያለው ነው። «አምኜ ጸናሁ፣ ተሳካልኝ» ከማለት በቀር አንድም የሚፈተን ነገር የሌላቸውን ምን እናድርጋቸው?

የፋብሪካ ሥራ አስኪያጁ፦ እነርሱ ከሥልጠናው ይውጡ፤ ሰው በግሉ ቢያነባቸው አልቃወምም።

መምህሯ፦ እኔ ግን እንዲወጡ አልፈልግም። ባለታሪኩ ሊበደር በወሰነበት ገጽ ላይ ንባቡን አቁመን ሠልጣኞቹ ወለዱን፣ የመክፈያ ጊዜውንና ሽያጩ ቢዘገይ የሚመጣውን ዕዳ ራሳቸው ያስሉ። ታሪኩ ዝም ያለበትን ቁጥር መጠየቅ ከጀመሩ፣ ደካማው ልብ ወለድም የማስተማሪያ ጉዳይ ይሆናል።

የሒሳብ ባለሙያው፦ በዚህ መንገድ የሚያስተምር አሠልጣኝ ካለ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። መጨረሻው ብቻ ተነብቦ የሚጨበጨብበት ሥልጠና ላይ ያለኝ ተቃውሞ ግን እንደጸና ነው።