ክርክር፦ ስልክ ሻጭ የአፕዴቱን ማብቂያ ቀን ለመጻፍ ይገደድ?

ቮልቴጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ወተት ስንገዛ የማብቂያ ቀኑን ገልብጠን እናያለን። ስልክ ስንገዛ ግን ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው፣ ራሙ ስንት ነው ብለን ብሩን ቆጥረን እንወጣለን። የደህንነት አፕዴት፣ ማለትም አምራቹ የስልኩን የደህንነት ቀዳዳ ለመድፈን የሚልከውን ማስተካከያ፣ እስከ መቼ እንደሚያገኝ የሚጠይቅ የለም። የሚናገር ሻጭም አላየሁም። እኔ የምለው፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ ስልክ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ቀን በጽሑፍ እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደው።

ከሰማይ ያወረድኩት ሐሳብ አይደለም። እንግሊዝ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ኢንተርኔት ላይ የሚገናኝ ዕቃ የሚያመርት ሁሉ የአፕዴቱን አነስተኛ ዘመን እንዲያሳውቅ አስገድዳለች። አውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጁን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ አንድ ሞዴል ለገበያ መቅረብ ካቆመ በኋላ እንኳ ቢያንስ 5 ዓመት አፕዴት እንዲያገኝ ይላል። እኛ ጋ ምን ይከለክለናል?

የመርካቶ ልጅ፦
አክብሬህ ነው የምናገረው፤ ግን እንግሊዝን ተዋት። እኔ ስልክ ሻጭ ነኝ። ደንበኛ ሲገባ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው፦ ባትሪው ይቆያል? ስንት ጂቢ ነው? መጨረሻው ስንት? አለቀ። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ እጥፍ ገደማ ሲወጣ፣ ሰው አቅሙ የፈቀደውን ነው የሚገዛው። «አፕዴቱ አልቋል» ብዬ ብጽፍለት ጎረቤቴ ሱቅ ገብቶ ያንኑ ስልክ ይገዛል። እኔ ዝንብ እሽ ስል ልዋል?

ሰሚት፦
ሁሉም ከተገደደ ጎረቤትህም ይጽፋል እኮ።

የመርካቶ ልጅ፦
የቴሌግራም ሻጩስ? ሱቅ የለው፣ ደረሰኝ የለው። ዛሬ ሸጦ ነገ ቻናሉን በሌላ ስም ይከፍታል። ሕጉ የሚይዘው እኔን ግብር ከፋዩን ብቻ ነው።

ቮልቴጅ፦
የቴሌግራሙ ነገር እውነት ነው፤ መልስም የለኝም። ግን ለምን እንደምጮህ ልንገራችሁ።

ኦገስት 2020 ሴኪዩር-ዲ የሚባል የሞባይል ደህንነት አገልግሎት አንድ ጉድ አወጣ። ቴክኖ ደብልዩ2 የሚባለው ርካሽ ስልክ ውስጥ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ቫይረሶች ተገኙ። ሰው ተታሎ ያወረዳቸው አይደሉም። ትሪያዳ ስልኩ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ውስጡ ነበር። አገሮቹን ስሟቸው፦ ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋና፣ ደቡብ አፍሪካ። ባለቤቱ ሳያውቅ ስልኩ ራሱ ክፍያ ያለው አገልግሎት ላይ ሊመዘገብ ይሞክራል። ካርድ ይበላል። ሪሴት ብታደርገው ኤክስሄልፐር ተመልሶ ይመጣል። ሴኪዩር-ዲ ከማርች 2019 ወዲህ ከ200 ሺህ በላይ ስልኮች ላይ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይት መዝግቤያለሁ አለ። አምራቹ ትራንሽን ደግሞ ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ አንድ አቅራቢ ላይ አሳብቦ፣ ማስተካከያ ልኬያለሁ ብሎ መለሰ።

ካርድ ሲጠፋብን መጀመሪያ የምንረግመው ቴሌን ነው። ስልኩን ማን ይጠረጥራል? ያኔ እንኳ ቢበላ የሚበላው ካርድ ነበር። ቴሌብር ከሜይ 2021 ወዲህ መጥቷል፤ የባንክ አፑም እዚያው ላይ ነው። ዛሬ ደሞዛችን ስልክ ውስጥ ያድራል። አፕዴት የተቋረጠበት ስልክ ማለት ቀዳዳው ታውቆ የማይደፈን ስልክ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ለዚህ እኮ ነው እኔ ለቤተሰብ ያገለገለ አይፎን የምልከው። በ2019 የወጣው አይፎን 11 በ2025 የወጣውን የአይፎን ሲስተም፣ አይኦኤስ 26ን፣ ይቀበላል። ርካሽ አዲስ አንድሮይድ ከመግዛት ያገለገለ አይፎን ይሻላል። ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

የጥገና ቤት፦
አያልቅም ወንድሜ። አንተ የምትልከው ንጹህ ሊሆን ይችላል። እዚህ ገበያ ላይ ያለውን ደግሞ እኔ ልንገርህ፤ የምፈታው እኔ ነኝና። ባትሪ ሄልዝ (የባትሪው ጤንነት) 100 ከመቶ የሚል የስድስት ዓመት ስልክ ይመጣል። 100 ካያችሁ ተጠራጠሩ። ወይ ባትሪው ተቀይሯል ወይ ቁጥሩ ተነካክቷል። ስክሪኑ ኮፒ ከሆነ ትሩ ቶን የሚባለው፣ የስክሪኑን ቀለም ከአካባቢው ብርሃን ጋር የሚያስማማው ማስተካከያ ይጠፋል። የብርሃን ማስተካከያዋን ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ እዩ፤ ትሩ ቶን ከሌለ ዋጋ ይውረድ። ሴቲንግ፣ ጄነራል፣ አባውት ውስጥ ግቡ፤ ባትሪው ወይም ስክሪኑ ላይ «አንኖውን ፓርት» (ያልታወቀ ዕቃ) የሚል ካለ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ሲላችሁ ሳቁበት። አይክላውዱ፣ ማለትም የቀድሞው ባለቤት የአፕል አካውንት፣ ያልወጣለትና የተቆለፈ ደግሞ አለ። ያ ስልክ አይደለም፣ የበር ማስደገፊያ ነው።

አፕዴት ያገኛል ብላችሁ ትገዛላችሁ፣ ባትሪው እኩለ ቀን ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል።

የጡረታ ዘመን፦
ልጆች፣ እኔ አፕዴት የሚባል ነገር አላደርግም። ባደረግሁ ቁጥር ስልኩ ይንቀራፈፋል። ሆን ብለው አዲስ እንድንገዛ ነው።

ቮልቴጅ፦
ጋሼ፣ ጥርጣሬዎ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። አፕል ዲሴምበር 2017 ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በአፕዴት ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አምኗል። ምክንያቱ ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው አለ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። ፈረንሳይ በ2020 የ25 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለችበት። የተቀጣበትን ምክንያት ግን ይዩልኝ። ለደንበኛው ሳይናገር በማድረጉ ነው። የኔም ጥያቄ ያው ነው፤ ይናገሩ።

የደህንነት አፕዴቱን ግን አይተዉ። እሱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ስልኩን አያከብደውም። ባንክዎ ስልክዎ ላይ ካለማ ይቅርታ አላደርግልዎትም።

የጡረታ ዘመን፦
እሺ፣ እሱን የልጅ ልጄ ያድርግልኝ።

ሰሚት፦
እኔ ከቮልቴጅ ጋር የማልስማማው ሌላ ቦታ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሰሽ ወይ ቅያሪ ወይ ገንዘብሽን ትጠይቂያለሽ ይላል። ከየሱቁ ግድግዳ ላይ የሚነበበው ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ነው።

ባለፈው የገዛሁት ስልክ ሳምንት ሳይሞላው መሐል ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ወጣበት። ይዤ ሄድኩ። ልጁ «ጥለሽው ነው» አለኝ። አልጣልኩም ስል «እንግዲያው ቴክኒሻን ይየው»። ቴክኒሻኑ ነገ፣ ነገ ደግሞ ከነገ ወዲያ ሆነ። አዋጁን ከስልኬ አውጥቼ ሳነብለት አብሮት ያለውን ልጅ ጠርቶ «ና ስማ፣ ጠበቃ መጥታለች» አለ። ያለው ሕግ እንዲህ ሲሳቅበት፣ አዲስ ሕግ ሲጨመር ምን ይለወጣል?

የመርካቶ ልጅ፦
እንደሱ ያለ ሻጭ ስማችንን ያጠፋል። ግን እኔም ልናገር፤ ራሱ ጥሎት የሚመጣም አለ።

ቮልቴጅ፦
ሰሚት፣ የተናገርሽው ከባድ ነጥብ ነው። ግን ልዩነቱን እይው። አረንጓዴ መስመር ሲወጣ «ጥለሽው ነው» ማለት ይችላል። ደረሰኙ ላይ «የደህንነት አፕዴት እስከ 2028» ብሎ ጽፎ አፕዴቱ በ2025 ቢቆም ግን ምን ይላል? ጥለሽው ነው አይልሽም። ቴክኒሻን አያስፈልግም፤ ወረቀቱና ስልኩ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

የመርካቶ ልጅ፦
እሺ፣ አንድ ነገር ልቀበልህ። ደንበኛው ፊት ሴቲንግ ከፍቼ አንድሮይድ ቨርዥን ውስጥ ያለችውን የደህንነት አፕዴት ቀን ላሳየው እችላለሁ። ይበቃል?

ቮልቴጅ፦
አይበቃም። እሷ የምታሳየው የመጨረሻው አፕዴት መቼ እንደገባ ነው። ስልኩ ለስንት ዓመት እንደሚቀጥል አትነግርህም። የሁለት ዓመት አሮጌ ቀን ካየህ ግን ያ ስልክ አይገዛም።

የመርካቶ ልጅ፦
ታዲያ ማብቂያውን እኔ ከየት ላምጣ? ካርቶኑ ላይ የለ፣ አስመጪው አይነግረኝ። ያላወቅሁትን ጽፌ ልታሰር ነው?

የጥገና ቤት፦
እዚህ ላይ ልክ ነው። ግዴታው ከአስመጪው ይጀምር። እሱ ካርቶኑ ላይ ይለጥፍ፣ ቸርቻሪው ይገልብጥ። ያገለገለውን ደግሞ ሞዴሉን ጽፎ አምራቹ ያስታወቀውን ዘመን ማየት ይቻላል። ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከኤስ24 ጀምሮ 7 ዓመት ብለው በግልጽ ተናግረዋል።

ቮልቴጅ፦
ከአስመጪው ይጀምር፣ ተስማምቻለሁ። ቸርቻሪው ግን ነጻ አይወጣም።

የመርካቶ ልጅ፦
እኔ አሁንም በቅጣት አልስማማም። አስመጪው ከለጠፈ ግን እገለብጣለሁ።

ሰሚት፦
ሕጉ እስኪወጣ ለእናቴ ስልክ መግዛት አለብኝ። ቴሌብር የሚሠራ፣ ረጅም አፕዴት ያለው፣ ኪስ የማያራግፍ።

ቮልቴጅ፦
ጋላክሲ ኤ16። ሳምሰንግ 6 ዓመት አፕዴት ብሎታል፤ የወጣው በ2024 መጨረሻ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦
እኔ ጋ አለ። በውስጥ መስመር አናግሪኝ።

ሰሚት፦
ዋጋውን እዚሁ ጻፈው!