ሐረጎ ተራራ ሥር የተገኘ ቀለሃ ማን ያውቅልኛል? (ጥቆማ፣ ደሴ/ኮምቦልቻ)

የሐረጎ ልጅ፦ ሰላም ጀማው። የአክስቴ ልጅ የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ይዞ መጥቶ ነበር። ወርቁ ቀረና ከአባቴ እርሻ ሰባት ቀለሃ፣ አንድ ያልተተኮሰ ጥይትና አንድ የናስ ቁልፍ አወጣን። የየት አገር እንደሆኑ ማን ይነግረኛል? ፒያሳ ያሉት የጥንት ዕቃ ሻጮች፣ ቶርኖ ቤት ወይስ ሙዚየም?

ቧንቧ ውሃ፦ ማሽኑ ስንት ሜትር ያያል? ይከራያል?

ሰሚራ፦ ቁልፍ ከሆነ መናኸሪያው አጠገብ የሚቀርጽ ልጅ አለ፣ እጁ አሪፍ ነው።

የሐረጎ ልጅ፦ የኮት ቁልፍ ነው እህቴ፣ የበር አይደለም 😅

የሙጋድ ልጅ፦ የጥንት ዕቃ ሻጭ ጋ እንዳትደርስ! የአያቴን የውጅግራ (የድሮው ጠመንጃ) ቀለሃ ለአንዱ አሳየሁት፤ ስሙን አልጠራም። «ነገ ና፣ አጽድቼ አነብልሃለሁ» አለኝ። በማግስቱ ስሄድ በሎሚና በአሸዋ አሽቶ እንደ ሠርግ ቀለበት አብርቶታል። ቂጡ ላይ የነበረው ፊደል የለም። «ጽሑፍ የሌለው ዋጋ አያወጣም» ብሎ ደግሞ የማጽጃ 200 ብር ጠየቀኝ!

ሰሚራ፦ ከፈልክ?

የሙጋድ ልጅ፦ 150 አድርጎልኝ።

አባ ጠገራ፦ ይቺማ ምን አላት። እኔን «1780 ስለሚል በጣም ብርቅ ነው» ብሎ ጠገራ ብር ሸጦልኛል። ለካ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ሁሉ 1780 ነው የሚለው፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ሲያትሙት ነው የኖሩት።

የሙጋድ ልጅ፦ አንድ ሰውዬ ሳይሆን አይቀርም። ፂም አለው?

ኮምቦልቻ ብቻ፦ ወሬውን ተዉትና ኮምቦልቻ ይውረድ። የኛ ሰፈር ቶርኖ ቤት ያለው ሰውዬ በዓይኑ ብቻ አይቶ ይነግርሃል። የእኔን አይቶ ወዲያው «የጣሊያን» አለኝ።

ቧንቧ ውሃ፦ ባለፈው ፎቶውን የለጠፍከውን ነው? እሱ እኮ የክላሽ ነው።

ኮምቦልቻ ብቻ፦ ሊሆን ይችላል። ሰውዬው ግን ሐቀኛ ነው፣ አምስት ሳንቲም አልተቀበለኝም።

አባ ጠገራ፦ ወሎ ውስጥ የተገኘ ብረት ሁሉ የጣሊያን ነው። የእናቴ መጥበሻም።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ያልተተኮሰውን ጥይት። አትፈግፍገው፣ አትሰርስረው፣ እሳት አታስጠጋው። ከልጆች አርቀህ ለፖሊስ ንገር፣ ራሳቸው መጥተው ይውሰዱት። የጦር መሣሪያ አዋጁ 1177/2012 «ያረጀ ነው» ብለህ የምታልፈው አይደለም። ማሽኑ ትልቅ ነገር ላይ ከጮኸ ደግሞ አትቆፍር፤ በ2014ቱ ጦርነት እዚህ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ለቀለሃው ማስመሪያ ይበቃሃል። ርዝመቱን ለካ፦ ክላሽ 39 ሚሊሜትር፣ የጣሊያኑ ካርካኖ 52፣ የእንግሊዙ 56 ሆኖ ቂጡ ላይ ጠርዙ ወጣ ያለ ነው። ውጅግራ 59 ነው፣ አፉም ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ነው። ከዚያ አፈሩን በውኃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ብቻ አንሳና ቂጡን አንብብ። «ኤስ ኤም አይ» ካለ የጣሊያን ፋብሪካ ነው፤ አጠገቡ «936» ካለ በፈረንጅ 1936 ማለት ነው። ማን እንደተኮሰው ግን ቀለሃው አይነግርህም። አርበኛውም የጣሊያን ጠመንጃ እየማረከ ይተኩስ ነበር።

ቁልፉን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳየው። የቅርስ አዋጁ 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ያሳውቅ ይላል።

አባ ጠገራ፦ ለሙዚየሙ ነው? በ2014 ለተዘረፈው?

ጡረተኛው፦ ለዚያም ነው መመዝገብ ያለበት።

የሐረጎ ልጅ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁት፣ ስድስቱ 52 ናቸው፣ አንዱ 56 ጠርዝ ያለው። እንግሊዝ ሐረጎ ምን ይሠራል?

ጡረተኛው፦ በሚያዝያ 1933 ደቡብ አፍሪካውያን በእንግሊዝ ጦር ሥር ሆነው ደሴን ከጣሊያን ያስለቀቁት በዚያው በኮምቦልቻ መንገድ ተዋግተው ነው። ተራራውን ይዞ የሚጠብቃቸው ጣሊያን ነበር። የአባትህ እርሻ መሐል ላይ ሆኖ ይሆናል።

ሰሚራ፦ የኔ እናት፣ ሰውነቴን ወረረኝ።

የሐረጎ ልጅ፦ እናቴ ግን ጥይቱ ቤት አይገባም ብላ እኔንም ውጭ አስቁማኛለች። ፖሊስ እየጠበቅኩ ነው።

ኮምቦልቻ ብቻ፦ ቀለሃዎቹን ለቶርኖ ቤቱ ብታሳየው ጥሩ ነበር።

ቧንቧ ውሃ፦ ማሽኑ ይከራያል ወይ አልኩ እኮ። አያቴ ቦሩ ሜዳ ጓሮ አላት።