ለሂሉክስ የጉዝኔክ ኳስ፦ የትኛውን ላስገጥም?

ድርቆሽ ከሱሉልታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ነው የምኖረው፤ ድርቆሽ እያሳሰርኩ ከተማ ላሉ ላም አርቢዎች አቀርባለሁ። መኪናዬ ሲንግል ጋቢና ሂሉክስ ነው፣ ባለ 5ኤል ሞተር፣ ቱርቦ የለውም። ሰሞኑን አንድ የአሜሪካ ተሳቢ በደህና ዋጋ ተገኘልኝ። እንደለመድነው ከኋላ ጋንቾ ላይ የሚያያዝ አይደለም፤ አንገቱ ካሶኒው ውስጥ ገብቶ የብረት ኳስ ላይ የሚቀመጥ፣ ጉዝኔክ የሚሉት ነው። ባዶውን 1,100 ኪሎ ይላል። መቶ እስር ልጭንበት አስቤአለሁ፤ አንዱ እስር 15 ኪሎ ግድም ይመጣል።

ሶማሌ ተራ ብጠይቅ ባለ 50 ሚሊ ኳስ አወጡልኝ። የሰፈር በያጅ ደግሞ «ካሶኒው ላይ ላሜራ ደርቤ በግማሽ ቀን እጨርስልሃለሁ» ብሎኛል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ምን ትሉኛላችሁ? ጠዋት ጠዋት ወተት ስለማደርስ ወለሉ ላይ ጉብ ያለ ነገር ባይኖር ደስ ይለኛል።

ላጤው፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? አይሱዙ ተከራይና ባንዴ ውሰደው።

ድርቆሽ ከሱሉልታ፦
ኪራዩ ነው እኮ ትርፉን የበላው ወንድሜ።

የቃሊቲው መካኒክ፦
በመጀመሪያ በያጁን አመስግነህ ሸኘው። የካሶኒ ወለል ስስ ቆርቆሮ ነው፤ የፈለገውን ያህል ላሜራ ቢደርብበት ያው ቆርቆሮ ነው። ኳሱ መያዝ ያለበት ሻንሲው ላይ ነው። ከካሶኒው ስር ሁለቱን የሻንሲ ክንፎች የሚያገናኝ ወፍራም ብረት ይገባል፣ በቡሎን ይታሰራል፣ ኳሱ ወለሉን በስቶ ይወጣል። ሻንሲ ላይ ብየዳ አላስነካም፤ ብረቱ በሙቀቱ ይደክምና ከብየዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል። ቡሎኑም ጭንቅላቱ ላይ 10.9 የሚል ይሁን (የጥንካሬው ደረጃ ነው)፣ ከየትም የተለቀመ አይሁን።

የ50 ሚሊውን ኳስ እርሳው። የአሜሪካ ጉዝኔክ በብዛት የሚሠራው ለ2 ኢንች ከ5/16 ኳስ ነው፣ ወደ 58.7 ሚሊ ማለት ነው። የተሳቢው አፍ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ ካልተጻፈም በካሊፐር ለካው። 50 ሚሊውን ብታስገባበት ቆሞ የያዘ ይመስላል፤ እንጦጦን ስትወርድ አንድ ጉድጓድ ሲያነጥረው ግን አፉ ከኳሱ ላይ ይዘላል።

አሁን ወደ ክብደቱ። ያንተ 1,100 እና 1,500 ተደምሮ 2,600 ኪሎ ነው። ከኋላ የሚጎተት ተሳቢ ጋንቾው ላይ የሚያሳርፈው ከክብደቱ 10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ጉዝኔክ ግን ከ15 እስከ 25 በመቶውን መኪናው ላይ ይጥላል። 20 በመቶ እንበል፣ 520 ኪሎ ካሶኒህ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ሂሉክስህ ይሸከመዋል፣ ግን በዚያ ላይ ወተት፣ ሁለት ሰውና ጎማ ቅያሪ ጨምርና ሊብሬው ላይ ካለው የመጫን አቅም ጋር አስተያየው። ባሌስትራው የተኛ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስነሳ።

ኳሱ የኋላ አክስሉ ልክ ላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት ቀደም ብሎ ይሁን። ከአክስሉ ወደ ኋላ ካለፈ የፊት ጎማ ይቀልና መሪው ይዋልላል። ደግሞ ከኳሱ መሃል እስከ ተሳቢው አንገት የፊት ጥግ ለካ፤ ከኳሱ እስከ ጋቢናው ያለው ርቀት ከዚያ የሚበልጥ መሆን አለበት። አለዚያ በጠባብ ቦታ ስታዞር የኋላ መስታወትህን ይዞት ይሄዳል። ሲንግል ጋቢና መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመህ፤ ደብል ጋቢና ቢሆን ይቅርብህ ነበር የምልህ።

ለወተትህ የሚገለበጠውን ኳስ ፈልግ። መያዣውን ስትስበው ይለቅቃል፣ ነቅለህ ገልብጠህ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትመልሰዋለህ፣ ወለሉ ደልዳላ ይሆናል። ቋሚው ይረክሳል፣ ግን ዕቃ በጫንክ ቁጥር ትረግመዋለህ።

እታለም ከሰንዳፋ፦
እኔ ለገጣፎ ድረስ ላም በእንዲህ ያለው ተሳቢ ነው የማመላልሰው። ጋሼ መካኒኩ ፍሬኑን አላነሱትም። የእኔ ተሳቢ የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ነበረው፣ ሽቦው ግን ተበጥሶ ነው የሸጡልኝ። ጋቢና ውስጥ የፍሬን መቆጣጠሪያ እስካስገባ ድረስ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ነበር የሚነዳኝ። ሰንሰለትም ሁለት አድርግበት፣ ከኳሱ ላይ ሳይሆን ከሻንሲው ብረት የሚታሰር። ሌላው፣ የካሶኒው ጠርዝና የተሳቢው አንገት መሃል ቢያንስ 15 ሴንቲ ክፍተት ይኑር። እኛ ሰፈር ከአስፋልት ስትወርድ መኪናው ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ተሳቢው ገና ላይ ነው፤ ያኔ ነው ጠርዙን የሚጨፈልቀው።

የቃሊቲው መካኒክ፦
እውነትሽን ነው እታለም፣ ፍሬኑን ማንሳት ነበረብኝ። ጨምሬ፦ ያ 5ኤል ሞተር አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ቱርቦ የለውም፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ እዚያው ይቀራል። እንጦጦን ከሱሉልታ በኩል ስትወጣ መቶ እስር ይከብደዋል፣ ፍሪሲዮኑን ይበላዋል። በሰባ ጀምር። ስትወርድ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ላይ ሳትተኛ።

ድርቆሽ ከሱሉልታ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለምም ኑሪልኝ። ተሳቢው የፍሬን ሽቦ አለው፣ ዛሬ አየሁት። የጨነቀኝ ሻንሲው ነው፣ ከኋላ በኩል ዝገት አለበት።

የቃሊቲው መካኒክ፦
በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ አድርገው። ዱቄት ብቻ ከሆነ ይጠረግና ይቀባል። ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ከረገፈ ኳስ አትግዛ። ባሌስትራው የሚታሰርበትን አካባቢ በደንብ አይተህ ፎቶ ላክልኝ፣ ተሳቢውንም እስከዚያ ቀብድ አትክፈልበት።