ሱሉልታ ለሚያድር ኤም3 የኃይል ማሳደጊያ፦ ከየትኛው ልጀምር?

የሱሉልታው (ጠያቂ)

የተከበራችሁ አባላት፣

ቤቴ ሱሉልታ፣ ሥራዬ ሳሪስ ስለሆነ በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ወደ አዲሱ ገበያ የሚያወርደውን የእንጦጦ ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ዳገት እወጣለሁ። የምነዳው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የተሠራ ቢኤምደብሊው ኤም3 ነው፤ ኤፍ80 የሚባለው፣ ሞተሩ ኤስ55 የተሰኘው ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ ሁለት ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ)፣ ካምቢዮው ደግሞ ባለ ሰባት ማርሽ የሆነው። ፋብሪካው 431 የፈረስ ጉልበትና 550 ኒውተን ሜትር እንዳለው ይገልጻል፤ ይህ ሁሉ ጉልበት እኛ ሰፈር እንደማይገኝ ግን ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ይታወቀኛል። በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስወርድ መኪናው ከእንቅልፉ የነቃ ይመስላል፤ ቤቴ ስመለስ መልሶ ይከብዳል።

ለዚህ መፍትሔ ይሆናሉ ብዬ ያሰብኳቸው ሥራዎች አራት ናቸው። አንደኛው የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ማስቀየር ነው፤ ዱባይ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ፋይሉን በኢንተርኔት ልኮልኝ መኪናው ከ500 የፈረስ ጉልበት በላይ እንደሚሰጥ ቃል ገብቶልኛል። ሁለተኛው የፋብሪካውን የአየር ፊልትሮ ሣጥን አውጥቶ ክፍት የሆነውን ሾጣጣ ፊልትሮ መግጠም፣ ሦስተኛው ማርሚታውን መቀየር፣ አራተኛው ደግሞ ዝቅ የሚያደርጉ አጫጭር ሞላዎችን ማስገባት ነው። ገንዘቤ ግን ለጊዜው ከአራቱ ለሁለቱ ብቻ ይበቃል።

ቤንዚን የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይህን መኪና በሌላ ተመሳሳይ የመተካት ተስፋ የለኝም። ሞተሩ ቢበላሽ የማጣው መኪናዬን ብቻ አይደለም፤ ዳግመኛ የማላገኘውን ነገር ነው። ስለዚህ ከየትኛው ልጀምር? በተለይ በእኛ ከፍታ የሚነዳ ሰው ልምዱን ቢያካፍለኝ ታላቅ ውለታ ይሆንልኛል።

የለገጣፎዋ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በሙያዬ የሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ፤ እኔም ባለ ተርቦ መኪና ስለምነዳ ጥያቄዎን በልዩ ትኩረት አነበብኩት። ማርሚታውንና ሞላውን ለጊዜው ወደ ጎን ልተዋቸውና በፕሮግራሙ ላይ ላተኩር፤ ጉዳት ሊያደርስብዎ የሚችለው እሱ ነውና።

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ዱባይ ላይ 1 ባር ገደማ የሆነው እርስዎ ግቢ ውስጥ 0.75 ባር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲመጣ ከኃይሉ ሩቡን ያህል ያጣል፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። ተርቦ ያለው ሞተር ግን የጎደለውን አየር ተርቦውን አብዝቶ በማሽከርከር ለማካካስ ይሞክራል፤ የእርስዎም መኪና ሳይነካ እንኳ በየቀኑ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አሁን የዱባዩን ፋይል እናስብ። ፋይሉ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር በፍጹማዊ ልኬት (የከባቢ አየሩን ግፊት ጨምሮ) 2.2 ባር እንዲደርስ ያዝዛል እንበል። ዱባይ ላይ ተርቦው አየሩን 2.2 ጊዜ እጥፍ መጭመቅ ይበቃዋል፤ እርስዎ ዘንድ ግን 2.2ን ለ0.75 ስናካፍል ወደ 2.9 እጥፍ ይመጣል። አየር በተጨመቀ ቁጥር ይሞቃል፤ 70 በመቶ ብቃት ያለው መጭመቂያና 17 ዲግሪ ሙቀት ያለው አየር ይዘን ብናሰላ፣ በመጀመሪያው ሁኔታ የአየሩ ሙቀት በ105 ዲግሪ ገደማ፣ በሁለተኛው ደግሞ በ150 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በተግባር ከዚህም ይብሳል፤ ተርቦው ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ሲሽከረከር ብቃቱ ራሱ ይወርዳልና። ይህን ሙቀት ተቀብሎ ማብረድ ያለበት የእርስዎ ኢንተርኩለር በውኃ የሚሠራ ሲሆን፣ ያ ውኃ ደግሞ የሚበርደው ከፊት ባለው ራዲያተር ነው፤ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈውም ያው ስስ አየር ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው። አትሌቶቻችን ሱሉልታን የመረጡት አየሯ ስስ ስለሆነና ሰውነታቸው ስለሚላመደው ነው፤ ተርቦ ግን አይላመድም፤ ያልቃል እንጂ።

በዚህ ላይ የነዳጁ ጉዳይ አለ። አምራቹ ለዚህ ሞተር የሚመክረው 98 ኦክቴን ነው (ኦክቴን ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል ያለው አቅም መለኪያ ነው)፤ እኛ ማደያ ስንሄድ ግን ምርጫ የለንም፤ የቀረበልንን ቤንዚን እንቀዳለን። «ደጋ ላይ ዝቅተኛ ኦክቴን ይበቃል» የሚለው የቆየ አነጋገር ሐሰት አይደለም፤ በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶችም በእነርሱ አለካክ 85 ኦክቴን የሆነው የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን አባባሉ የሚሠራው ተርቦ ለሌላቸው ለቀድሞዎቹ ሞተሮች ነው። ተርቦው የጠፋውን ግፊት መልሶ ካመጣው፣ ያውም በበለጠ ሙቀት ካመጣው፣ ነዳጁ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩም ይህን ሲሰማ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል፤ የተከፈለበት ኃይልም በዚያው ይቀራል።

«ከ500 በላይ» የተባለውን ቁጥር እዚህ አስለክተው ቢያገኙት እንኳ በጥንቃቄ ይመልከቱት። በደጋ ከተማ በመለኪያ ማሽን የተለካ የባለ ተርቦ መኪና ኃይል ብዙ ጊዜ ተርቦ ለሌለው ሞተር በተዘጋጀ ማስተካከያ ይባዛል፤ መኪናው ያላጣውን ኃይል ጭምር እንዳጣ ተቆጥሮ ስለሚጨመርለት ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቁጥር ከእውነቱ ይርቃል። ደጋ ላይ የመሥራት ልምድ ያላቸው የጆሃንስበርግ ባለሙያዎች እንኳ የሚሠሩት 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እኛ ከእነርሱም በብዙ መቶ ሜትሮች እንበልጣለን።

ምክሬ ይህ ነው፦ ምንም ከመግዛትዎ በፊት የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ርካሽ ማንበቢያ ይግዙና በአንድ ዳገት፣ በአንድ ማርሽ እየነዱ ከኢንተርኩለሩ የሚወጣውን የአየር ሙቀትና በየሲሊንደሩ የብልጭታውን መዘግየት ይመዝግቡ። ውጤቱን እዚህ ቢያሰፍሩልን በግምት ከመነጋገር እንድናለን።

የገላኑ ሽማግሌ

ልጄ፣ መሐንዲሷ ያለችውን በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ የተማርኩት በእጄ ነው፤ አርባ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ የምነግርህ ስለ ዕቃዎቹ ነው።

የወንድሜ ልጅ እንዳንተው ያለ ኤፍ80 አለው። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ፕሮግራሙን በሁለት ሰዓት ቀይሮ ሰጠው፤ ኮፈኑን ግን ከፍቶ አንድም ነገር አልመረመረም። በሦስተኛው ሳምንት ጫንጮ አካባቢ ከባድ መኪና ሊቀድም ነዳጅ ሲረግጥ አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ፤ መኪናውም ጉልበቱን አጥቶ እየተንፏቀቀ ዳር ያዘ። የፈነዳው ከተርቦው ወደ ኢንተርኩለር የተጨመቀ አየር የሚወስደው የፕላስቲክ ቧንቧ ነበር። ይህ ቧንቧ በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ ድክመት ነው፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ብዛት ይደርቃል፣ ግፊት ሲጨመርበት ይሰነጠቃል ወይም ከመጋጠሚያው ይወጣል። የአሉሚኒየሙ መተኪያ በጣም ውድ አይደለም፤ ሶማሌ ተራ ግን አታገኘውም፤ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ማስመጣት ይኖርብሃል። ከቀዳዳ ሁሉ የከፋው ደግሞ ትንሹ ቀዳዳ ነው፤ አይጮህም፣ መብራት አያበራም፣ ተርቦው ግን የሚያፈሰውን ለማካካስ ሌት ተቀን ይሮጣል።

ሁለተኛው ነገር ክራንክ ሃብ የሚሉት ነው። በክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ በሚያሽከረክሩት ዘንግ ጫፍ ላይ ሆኖ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ሰንሰለት ጥርስ የሚይዘው ይህ ዕቃ፣ መቆለፊያ ሳይኖረው በአንድ ብሎን ጥብቀት ብቻ ነው የሚቆመው። ኃይል ሲጨመርና ካምቢዮው ማርሹን በድንገት ሲቀይር ሊንሸራተት ይችላል፤ ከተንሸራተተ የቫልቮቹ ጊዜ ይዛባል፤ ዕድል ከጎደለህ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሁሉም መኪና ላይ ይደርሳል አልልህም፤ ሳይነኩ ብዙ ዘመን የሚሄዱ አሉ። ኃይል ልጨምር የሚል ሰው ግን በፒን የሚቆለፈውን ዓይነት ሳያስገጥም መጀመር የለበትም፤ ሥራው የሞተሩን ፊት መፍታት ስለሚጠይቅም ለማንም አይሰጥም።

ሾጣጣውን ፊልትሮ እርሳው። በጋ ላይ የሱሉልታን አቧራ አንተው ታውቀዋለህ፤ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሱት መኪናዎች የሚያስነሱት ደቃቅ አፈር በዚያ ፊልትሮ ካለፈ የተርቦውን ክንፍ እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። የፋብሪካው ሣጥን አየሩን ከፊት፣ ከቀዝቃዛው ስፍራ ይወስዳል፤ ሾጣጣው ግን ባግባቡ ካልተከለለ ሞተሩ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል። የወረቀት ፊልትሮህን መጽሐፉ ከሚለው ቀድመህ ቀይር፤ ይበቃሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ራዲያተር ሲጎድል የቧንቧ ውኃ የመሙላት ልማድ አለብን። እናንተ ሰፈር ክፍት ድስት ላይ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ይህ ሞተር ደግሞ በዚያው አካባቢና ከዚያ በላይ ሙቀት ነው የሚሠራው። የሚያድነው በክዳኑ የታፈነው ግፊትና ትክክለኛው ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፤ ክዳኑ ካረጀ ለውጠው።

የሱሉልታው (ጠያቂ)

እህቴ፣ ጋሼ፣ ስለ ድካማችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በተባለው መሠረት ማንበቢያ ተውሼ ማክሰኞ ማታ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ በሦስተኛ ማርሽ እየነዳሁ መዘገብኩ። ውጭው 16 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ከኢንተርኩለሩ የሚወጣው አየር ዳገቱ ግማሽ ላይ 49፣ ጫፉ ላይ ስደርስ 61 ዲግሪ ሆነ፤ በሁለት ሲሊንደሮችም ብልጭታው ሲዘገይ አየሁ። ይህ ሁሉ በፋብሪካው ፕሮግራም ነው! ኮፈኑን ከፍቼ ስመለከት ደግሞ ጋሼ ያሉት የፕላስቲክ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ የዘይት ወዝ አለበት። ለዱባዩ ሰው ለጊዜው እንዲቆይልኝ ጽፌለታለሁ።

የሰበታው

ሁላችሁም ስለ መሄድ ተነጋገራችሁ፤ ስለ መቆም ግን የተናገረ የለም። ጠያቂው በየቀኑ የእንጦጦን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ነው፤ እረፍት ባገኘ ጊዜ ወደ ጎጃም ቢሻገር ደግሞ ከጎሐ ጽዮን በኋላ የዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠብቀዋል። የኤም3 የፊት ዲስክ 380 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትንሽ አይደለም፤ ሆኖም የፍሬን ዘይቱ ካረጀ የዲስኩ ስፋት ብቻውን አያድንም። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። እኔ በየሁለት ዓመቱ መቀየርን አላሳልፍም፤ ጠያቂውም የመጀመሪያዋን ብር ከዶት 4 የበለጠ ሙቀት በሚችለው በዶት 5.1 ዘይትና ሙቀት በሚችል የፍሬን ሸራ ላይ ቢያውላት ደስ ይለኛል። ሁለቱ ተደምረው የማርሚታውን ዋጋ ያህል አይሆኑም።

አጫጭሮቹን ሞላዎች በተመለከተ፣ እኔ ገጥሜ ከአራት ወር በኋላ አውልቄአቸዋለሁ፤ በሰፈራችን ነዋሪው ራሱ የሚሠራው ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ለስፖርት መኪና አያዝንም። እንዲያውም ጎማው 19 ኢንች ከሆነ ወደ 18 ኢንች ቸርኬ ይውረድ፤ ፋብሪካው ራሱ ከፊት 255/40፣ ከኋላ 275/40 ጎማ ያደረገበት ልክ ነው። የጎማው ጎን ወፈር ስለሚል ጉድጓድ ላይ ቸርኬው በቀላሉ አይጣመምም። ማርሚታ መቀየር ድምፅ እንጂ የሚታወቅ ኃይል አይጨምርም፤ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብም ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ድምፁን ከወደደው ግን የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ።

የለገጣፎዋ

61 ዲግሪው ብዙ ይናገራል፤ የኢንተርኩለሩ ውኃ በትክክል እየተዘዋወረ መሆኑንም ያስመርምሩ፤ የውኃው ፓምፕ ከደከመ ወይም በመስመሩ ውስጥ አየር ከቀረ ልክ እንዲህ ይሆናል። የፊት ራዲያተሮቹ ክንፎችም በጭቃና በነፍሳት ተዘግተው ሊሆን ይችላል፤ በቀስታ በሚፈስ ውኃ ይታጠቡ እንጂ በከፍተኛ ግፊት አይመቱ። ፕሮግራሙን በኋላ ካሰቡበት፣ ባለሙያው የተርቦውን ግፊት በእርስዎ ከፍታ ላይ ገድቦ፣ እርስዎ ከሚልኩለት ምዝገባ እየተነሣ ደረጃ በደረጃ የሚያስተካክል መሆን ይኖርበታል። ይህን የማይቀበል ከሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

የገላኑ ሽማግሌ

ቧንቧው እስኪመጣ ድረስ ነዳጁን እስከ መጨረሻ አትርገጥ። ገጥመኸው ስትጨርስ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ሰዓት እንደገና መዝግብና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን እዚህ ጻፍልን። ፍሬኑን ግን ቧንቧውን ሳትጠብቅ በዚህ ቅዳሜ አሠራው።