የወር አበባ ጤና የጋራ ዕቅድ፦ በ2ኛው ረቂቅ ላይ ውይይት

ሰብሳቢ፦ የመጀመሪያው ረቂቅ የሞዴስ ማደያ ዕቅድ ብቻ ሆኖ ነበር። አሁን ትምህርቱንና መጸዳጃ ቤቱን ጨምሬበታለሁ። ምስጋናው ይቆየንና የጎደለውን አምጡ።

ጤና ንዑስ ኮሚቴ፦ ትምህርቱ በቁጥር ይጀምር። ዑደቱ የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ነው። ለአዋቂ ከ21 እስከ 35 ቀን፣ ገና ለጀመሩት ደግሞ እስከ 45 ቀን ቢደርስ አያስደነግጥም። ደሙ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ሞዴስ በየሰዓቱ እየራሰ ለተከታታይ ሰዓታት ከቀጠለ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ገና ካላየች፣ ወደ ሐኪም ትሂድ። ይህ በግልጽ ካልተጻፈ «የሴት ነገር ነው» እየተባለ ስንት የደም ማነስ ሳይታይ ያልፋል። ደግሞ ገጽ 1 ላይ የወር አበባን «አደፍ» ያለው ይውጣ። ቃሉ ራሱ እድፍን ይዞ ነው የሚመጣው።

ሥልጠና፦ «አደፍ» ወጥቷል። ረቂቁ በትምህርቱ ጊዜ ወንዶቹ ይውጡ የሚለውን ግን አልቀበልም። ሲወጡ የሚማሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚደበቅ ጉዳይ እንዳለ። 40 ደቂቃ አብረው ይማሩ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ለየብቻ ይጠይቁ። ወረቀት ለሁሉም ይታደል፤ ጥያቄ የሌለውም «የለኝም» ብሎ ጽፎ የጥያቄ ሳጥኑ ውስጥ ይክተት። አለበለዚያ ብዕር ያነሳችው ልጅ ወዲያው ትለያለች።

ጤና ንዑስ ኮሚቴ፦ ጥሩ፣ ይሁን።

አቅርቦት፦ ታጥቦ የሚያገለግለውን ጨርቅ በተመለከተ፣ ረቂቁ ለአንዷ 3 የሚለው አይበቃም። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ትቀይራለች፣ የታጠበው እስኪደርቅ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ይሁን። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፣ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። ከዚያ በሳሙና። «ፀሐይ ላይ ይሰጣ» ብሎ ማለፍ ግን የዋህነት ነው። ሰው እንዳያይባት ፍራሽ ሥር ታደርቀዋለች፣ እርጥቡን መልሳ ታደርገዋለች፣ ቆዳዋ ይቆጣል። ሲሰጣ ከላይ የሚሸፍነው ስስ ነጠላ ጨርቅ በጥቅሉ ውስጥ ይግባ።

ግንባታ፦ ከሁሉ በፊት የመጸዳጃ ቤቱ በር። ከውስጥ ካልተቀረቀረ ሞዴስ ቦርሳዋ ውስጥ እያለም ሳትቀይር ትውላለች፣ በየ4 እስከ 8 ሰዓቱ ይቀየር ብለን ያስተማርነውም ወረቀት ላይ ይቀራል። በእያንዳንዱ የመጸዳጃ ክፍል ውስጥ መቀርቀሪያ፣ ውሃ፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ። ውሃው ውጪ ያለ ቧንቧ ከሆነ እጇን ሊያስታጥባት ከሰው ፊት ያወጣታል። ያገለገለ ሞዴስ መጸዳጃው ውስጥ አይጣል፤ ውስጡ ያለው ነገር ውሃ ሲመጥ ያብጥና ቱቦውን ይደፍናል። መጣያውን በየቀኑ የሚያነሳው ማን እንደሆነ በኃላፊነቱ ይጻፍ፣ የማንም ያልሆነ ሥራ በሁለተኛው ሳምንት ይቆማል።

ሕዝብ ግንኙነት፦ የማስጀመሪያው ቀን ግንቦት 20 ይሁን፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከበረው ዓለም አቀፍ የወር አበባ ንጽህና ቀን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 5ኛው ወር 28ኛው ቀን ሲሆን፣ 5 የደሙን ቀናት፣ 28 የዑደቱን አማካይ ርዝመት ይጠቁማል። በእኛ አቆጣጠር ስንጽፈው ትርጉሙ ይጠፋልና ፖስተሩ ላይ አንድ መስመር ማብራሪያ ያስፈልጋል።

ሰብሳቢ፦ ገባ። ውጤቱን በታደለው ሞዴስ ብዛት እንለካ የሚለውን ሰርዤዋለሁ። በምትኩ ከትምህርቱ በፊትና ከ3 ወር በኋላ ተመሳሳይ 5 ጥያቄዎች፣ በተጨማሪም ወርኃዊ የበር፣ የውሃና የመጣያ ፍተሻ። ጥያቄዎቹን ሥልጠና፣ የፍተሻ ቅጹን ግንባታ እስከ ዓርብ ያምጡልኝ።